የአቶ ደምመላሽ ሰርዶ

ባፈናን የማያውቅ ሰው አንኮበርን አውቃለሁ እንዳይለኝ። ቤቷ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ ነው፣ የእኔ ደግሞ ከእሷ ከፍ ብሎ፤ ስለዚህ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ እዚያ ጓሮ የሆነውን ከደጄ ሆኜ አይቻለሁ። እኔን ወለተ ሥላሴን ወሬኛ ናት የምትሉ ካላችሁ ሂዱና ሌላ ጠይቁ።

ባልንጀራዬ ባፈና ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በአንዲት ጓሮ ነጭ ሽንኩርት ነበር። ጨው ቢሉ፣ በርበሬ ቢሉ፣ ልብስ ቢሉ ከዚያችው ነው የሚወጣው። ደግሞ በቤቷ የሚጣል ነገር አይቼ አላውቅም። እቃ ያጠበችበት ውሃ ለጎመኑ፣ የምድጃው አመድ ለሽንኩርቱ፣ የጠላው አተላ ለላሟ፣ የላሟ ፍግ ተመልሶ ለጓሮው። «እዚህ ቤት ሥራ የፈታሁ እኔ ብቻ ነኝ» ትለኝ ነበር፣ ጎንበስ ብላ እያረመች። ውሸቷን ነው!

ያስቸገራት ነገር ቢኖር ሰርዶ ነው። ከላይ ሲያዩት ለምለም ሳር ነው፤ ስሩ ግን ከመሬት በታች ስንት ጓሮ ያቋርጣል። አንዲት አንጓ አፈር ውስጥ ከቀረች አለቀ፣ ዝናብ ሲነካት ትነሳለች። ባፈና ስሩን በዶማ ተከትላ ታወጣና አፈሩን አራግፋ ድንጋይ ላይ ታሰጣዋለች። እስኪንኮሻኮሽ ከደረቀ በኋላ ላሟ ትበላዋለች። ግን ምን ዋጋ አለው! እሷ ባወጣች ቁጥር ከአቶ ደምመላሽ ጓሮ ሌላው ይመጣል።

አቶ ያልኩት ለወጉ ነው። ይህ ሰውዬ ጎረቤቷ ነው፤ ሰርዶ ነቅሎ አያውቅም፣ ጎንበስ ማለት ውርደት ይመስለዋል። ሁለቱን ጓሮ የሚለየው ደግሞ አንድ የወሰን ድንጋይ ብቻ ነበር። ባፈና ደብረ ሲና ለቅሶ ሄዳ ሰንብታ ስትመለስ ያን ድንጋይ ሽንኩርቷ መሃል ቁጭ ብሎ አገኘችው። ግማሹ ጓሮ፣ ያውም ጥሩው ግማሽ፣ ሄደ! ያቺ ሳቂታ ሴት ያን ቀን አለቀሰች። እኔ ዱላ ይዤ ልወርድ ስል ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ።

«ተይው፣ እየሳቅን እናስመልሰዋለን» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሰብሳቢው መምሬ ገብረ ጻድቅ ናቸው። ድንጋዩን ሲያነሳ ያየ ሰው የለም፤ የድሮ ጉድጓዱንም በአፈር ደፍኖታል። እኔም ያን ቀን ገበያ ወርጄ ነበር፣ ምን ይዋጠኝ! ደምመላሽ ጋቢውን ጣል አድርጎ ተነሳ።

«ሰርዶው ከየት ነው የተነሳ? ከእኔ ጓሮ! እንግዲህ ሳሬ የደረሰበት ሁሉ ከአያቴ ጀምሮ የእኔ ግጦሽ ነው።»

«ሰርዶው የእርስዎ ነው?» አለች ባፈና ቀስ ብላ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና።

«የእኔ ነው!»

«እስቲ ይማሉልኝ።»

«መድኃኔዓለምን የእኔ ነው!»

እሰይ! ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «እንግዲህ መምሬ፣ የሰው በሬ ማሳዬ ገብቶ እህሌን ቢበላ፣ በሬው ማሳዬን ይወርሳል ወይስ ባለቤቱ መጥቶ በሬውን ያወጣል?»

ሽማግሌዎቹ ሳቅ አፈናቸው። መምሬ ሳል ያዛቸው መስለው ቆዩና ፈረዱ። «ደምመላሽ፣ ሰርዶህን ከሽንኩርቷ ውስጥ እስከ ስሩ አውጣ። የድንጋዩን ነገር በሚመጣው ክረምት፣ ጓሮው ሲጠራ እናየዋለን።» ስለዚህ ድንጋዩ እዚያው ቀረ፤ የባፈናም ልብ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ደምመላሽ ዶማ ይዞ መጣ። ባፈና ዱካዋን አውጥታ ተቀመጠችበት።

«አቶ ደምመላሽ፣ ከኋላዎ አንዲት ጥጃ ቀረችዎ!»

በጣቷ የምታሳየው የተረሳች የሰርዶ አንጓ ናት።

«ኧረ ያቺኛዋ እናቷን ፍለጋ ወደ ጎመኑ ሄደች፣ ይመልሷት እንጂ!»

መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያይ ጀመር። እኔማ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ሲጨርስ ባፈና ቀልዱን ተወችና፣ «ይሄን እርጥቡን ፍግ ላይ እንዳይጥሉት፤ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ያስጡት» አለችው።

«ደግሞ ሴት ታስተምረኝ!» ብሎ ሰርዶውን በእቅፍ በእቅፍ ተሸክሞ ወስዶ የፍግ ክምሩ ላይ ጣለው። ባፈናን አየኋት። እሷ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

«ምን ላድርግ? መከርኩት እኮ» አለችኝ። ዝም ብትለው ኖሮ ምናልባት ያደርቀው ነበር፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ክረምት ገባና ያንን ፍግ የራሱ ሽንኩርት ላይ በተነው። ሐምሌ ሳያልቅ ጓሮው የሰርዶ ሜዳ ሆነ፣ ሽንኩርቱ የት እንደገባ ጠፋ። ሚስቱ ሸዋወርቅ ያወረደችበትን እርግማን አልደግመውም፤ ስሰማው ግን ደስ ብሎኛል። አንድ ቀን ጠዋት ደምመላሽ ባፈና ደጅ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባፈና፣ እህቴ…»

እህቴ! ሰማችሁልኝ?

«ይሄን ሰርዶ እንዴት አድርገሽ ነው የምታጠፊው?»

«የማንን ሰርዶ?»

«ይሄ ጓሮዬን የወረሰውን ነዋ!»

«እኮ የማን ነው?»

«የሰይጣን ነው!» አለ ተናዶ።

«በስመአብ! በመድኃኔዓለም ምለው የለም እንዴ? የእርስዎን ከብት እኔ እንዴት ብዬ እነካለሁ? ደግሞ ሳርዎ የደረሰበት ግጦሽ ከሆነ ምን ቸገረዎ፣ ሽንኩርቱን ይተዉትና ላም ያስገቡበት።»

 ደምመላሽ ዞሮ ወደ ድንጋዩ ሄደ። እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ? ሮጬ መምሬን ጠራኋቸው። ስንደርስ ድንጋዩን ሆዱ ላይ አቅፎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ መልሶ የከፈተው የድሮ ጉድጓድ አጠገብ አምጥቶ አስቀምጦታል።

«ትንሽ ወደዚያ» አለች ባፈና። ገፋው።

«ትንሽ ወደዚያ።» ደግሞ ገፋው። አሁን ድንጋዩ ጉድጓዱን አልፎ የራሱ ጓሮ ውስጥ ገብቷል።

«ባፈና!» አሉ መምሬ ቆጣ ብለው።

«ቀልዴን ነው መምሬ» አለች። «እንዲህ በቀላሉ እንደሚሄድ አላውቅም ነበር።»

ደምመላሽ ፊቱ ቀላ። አንገቱን ደፍቶ ድንጋዩን መለሰና ከጉድጓዱ ውስጥ በዶማ ጀርባ አጥብቆ መታው። ባፈና ቀና ብላ ጓሮዋን ሙሉውን አየችው፤ ዐይኗ ውሃ ሞላ፣ እኔም እንባዬ መጣ። ከዚያ ዱካዋን ሳይሆን የራሷን ዶማ አመጣችና፣ ሰውዬው ጓሮ ገብታ አጠገቡ ተንበረከከች። ስሩን እንዴት ተከትሎ እንደሚያወጣ ታሳየው ጀመር።

«አቶ ደምመላሽ» አለችው ጥቂት ቆይታ፣ «ከኋላዎ ጥጃ ቀረችዎ።»

ዞር ብሎ ነቀላትና አፈሯን አራግፎ ድንጋዩ ላይ አሰጣት።

«ስትደርቅ ለላምሽ ናት» አለ።