የሴሎኑ በቀቀን

ከሁሉ በፊት ጥፋቴን ልናገር። ሽማግሌውን ከቤታቸው ሊያስወጣቸው የነበረው ጽሑፍ የእኔ ነው።

ዴንሃግ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን እረዳለሁ። ጠዋት ጠዋት መድኃኒት የምሰጣቸውና ካልሲ የማለብሳቸው አንድ ኤርትራዊ አባት አሉ፤ አቦይ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው በንግድ መርከብ ላይ ሠርተዋል፤ አማርኛቸውን የለመዱት ከመርከቡ ጓደኞቻቸው ነው። ኋላም ጡረታ እስኪወጡ ሮተርዳም ወደብ ላይ ሠሩ።

አንድ ቀን ካልሲያቸውን ሳለብሳቸው ከመስኮቱ ውጭ ወዳለው ዛፍ አመለከቱኝ። «ትናንት የሴሎን በቀቀን መጥቶ ነበር» አሉ። ሴሎን የሚሏት ዛሬ ስሪላንካ የምትባለዋን ደሴት ነው። «ከዚያች ደሴት በቀር የትም አይገኝም። ራሱ ግራጫ፣ ጅራቱ ሰማያዊ፣ የጅራቱ ጫፍ ቢጫ። መርከባችን ተበላሽቶ ኮሎምቦ ስንሰነብት ኮረብታው ላይ አይቼዋለሁ። አንቺስ አላየሽውም?»

እዚህ አገር ከተማ ውስጥ አረንጓዴ በቀቀን እንደ እርግብ ሞልቷል። እኔም ያየሁት እነሱን ብቻ ነው። ግን አባት የሚያህል ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ተሳስተዋል» ልበል እንዴ? «አዎ አቦይ፣ አይቼዋለሁ» አልኳቸው። ደረጃው ላይ ቆሜ የዕለቱን ራፖርት በስልኬ ስሞላ ግን በሆላንድኛ «የሌለ ወፍ ይታያቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። በአማርኛ ጨዋ ልጅ፣ በሆላንድኛ ታማኝ ሠራተኛ መሆኔ ነበር።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረምኩ። ከዚያ አለቃዬ ራፖርቶቹን አንብባ ለሐሙስ ስብሰባ ጠራች። አምስተርዳም ኖርድ የምትኖረው ልጃቸው እኔ ባለሁበት ደወለች፤ ድምፅዋ ከስልኩ ይሰማል። «ፓፓ፣ አንተ ብቻህን መኖር አትችልም። ፈርፕሌግሃውስ ብትገባ ይሻልሃል።» የአረጋውያን መጦሪያ ማለቷ ነው። አቦይ ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። «የሌለ ነገር ያያል ብለው ጽፈውብኛል። አንቺ አይተሽው የለም? ሐሙስ ዕለት ንገሪልኝ።»

አፈርኩ። ሰውዬው የሚተማመኑት በእኔ ምስክርነት ነው፤ የከሰስኳቸውም እኔው ነኝ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው?» አልኳቸው።

«አንቺ ከወጣሽ በኋላ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም።»

እኔ ደግሞ አንድም ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያ ቤት ቆይቼ አላውቅም። ሥራው በደቂቃ የተቆጠረ ነው።

ማክሰኞ ዕረፍቴ ነበር። ከምኖርበት ከሮተርዳም በሜትሮ መጥቼ ዛፉ ሥር አንጋጥጬ ቆምኩ። አረንጓዴዎቹ ተንጫጩ፣ ካፖርቴ ላይ ኩሳቸውን ጣሉብኝ፣ ሄዱ። ሌላ ምንም የለም። ረቡዕ ጠዋት ከባልደረባዬ ጋር ፈረቃ ተቀያይሬ ከአቦይ ጋር መስኮቱ ላይ ተሰየምን። ሦስት ሰዓት አለፈ። አቦይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

ከአረንጓዴዎቹ መሐል አንዱ ዞር አለ። ራሱ ግራጫ። የላይኛው መንቁሩ ቀይ። ጅራቱን ዘረጋ፤ ሰማያዊ ሆኖ ጫፉ ላይ ቢጫ። ፎቶ አነሳሁ፤ ደግሜ አነሳሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሎተሪ የደረሰኝ ይመስል እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ያን ቀን ግትርነቴ ጠቀመኝ። ህንድ ውስጥ የሚመስለው ዘመድ እንዳለው ከወፍ መጽሐፍ አነበብኩ፤ የዚያኛው ክንፉ ሰማያዊ ነው። የእኛው ክንፉ አረንጓዴ፣ አንገቱም ዙሪያ ሰፊ አረንጓዴ ቀለበት አለው። ፎቶዎቹን ለወፍ አዋቂዎች ላክኋቸው፤ ማታውኑ መልስ መጣ። በተፈጥሮ የሚኖረው በስሪላንካ ብቻ ነው፤ ይሄኛው ከሰው ቤት አምልጦ ከመንጋው ጋር ሳይቀላቀል አልቀረም አሉ።

ሐሙስ በአቦይ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰብን። አለቃዬ ራፖርቱን ማንበብ ስትጀምር አቋረጥኳት። ፎቶውንና የአዋቂዎቹን መልስ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ወፉ አለ። የለም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሳላጣራ ነው» አልኩ በሆላንድኛ። ከዚያ ከሁሉ የከበደኝን ለአቦይ በአማርኛ ነገርኳቸው። «ያኔ አይቼዋለሁ ያልኩዎት ውሸቴን ነው።»

ልጃቸው ፎቶውን አጉልታ ብዙ አየችው። «ፓፓ፣ ቢጫውን እንኳን ልክ ብለሃል» አለች። አለቃዬ የመጦሪያውን ፎርም ሳትሞላ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። አቦይ ቤታቸው ቀሩ።

እንግዶቹን ሸኝቼ ስመለስ አቦይ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር።

«ሁለተኛ ያላየሽውን አየሁ እንዳትዪኝ» አሉ በረጋ ድምፅ። «አላየሁም ብትዪኝ ኖሮ ያኔውኑ ቁጭ ብለሽ እንድትጠብቂ እለምንሽ ነበር።»