ሙቅ ውሃ የወደደው ትል

በሆስፒታል ላቦራቶሪ ሰገራ መመርመር ከጀመረች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። የሰፈሩ ሰው «የትል እትዬ» ይላታል፤ እሷም አትቀየምም። በማይክሮስኮፕ ትል ስታይ ደስ ይላታል፤ ምን ታድርግ፣ አፈጣጠሯ ነው።

አንድ ቀን ግን ታማሚው የገዛ ወንድሟ ሆነ። ታላቅ ወንድሟ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሆዱን ሲቆርጠው ከርሞ እሷ የምትሠራበት ሆስፒታል ተኝቷል። ሀኪሙ አንጀቱ ላይ ያለውን እብጠት አይቶ ክፉ ነገር እንዳይሆን ፈራና፣ በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀዶ ሊያወጣው ወሰነ። ሰገራው ሦስት ጊዜ ታይቶ ምንም አልተገኘበትም።

ጠዋት ደሙን ስታይ ግን ዓይኗን ማመን አቃታት። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት፣ ውስጣቸው ቀይ ፍሬ የሞላባቸው ነጭ የደም ሴሎች፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ተጨናንቀዋል። እነዚህ ትል ሲገባ የሚጠሩ ዘበኞች ናቸው። ችግሩ ዱላቸው አይመርጥም፤ ለትሉ ብለው የሚረጩት መርዝ የሰውየውንም አንጀት ያቃጥላል፣ ያሳብጣል።

«እብጠቱ የነሱ ጠብ ቢሆንስ?» አለች ለራሷ።

ሮጣ ወንድሟ ጋ ደረሰች።

«ወንድም ጋሼ፣ ሰገራ ስጠኝ።»

«ሦስቴ ሰጠሁሽ እኮ። ልትሸጪው ነው እንዴ?»

«ትንሽ ብቻ፣ በሞቴ።»

«የሰው እህት ብርቱካን ይዛ ትመጣለች፣ የኔዋ ባዶ ዕቃ።»

ሰጣት። ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ደግሞ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ ዘይት መገልበጫ ለመነች።

«መቼ ትመልሺዋለሽ?» አለቻት ወጥ ሠሪዋ።

«አልመልሰውም፣ አዲስ እገዛልሻለሁ። ለምን እንደሆነ ብቻ አትጠይቂኝ።»

ሰገራውን በስስ ፋሻ ጠቅልላ መገልበጫው አፍ ላይ አስቀመጠች፤ ከታች የጎማ ቱቦ ሰክታ በመቆንጠጫ ዘጋችና ለብ ያለ ውሃ ሞላችበት። የጠረጠረችው ትል ጥቂት ሲሆን በተራው ምርመራ ያመልጣል፤ ግን ሙቀት ይወዳል፤ እየዋኘ ይወርዳል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መቆንጠጫውን ላላ አድርጋ ጠብታ ወሰደችና በማይክሮስኮፕ አየች።

አለ። ቀጭን፣ እየተጥመለመለ የሚዋኝ የትል እጭ። ከዚያ ሌላ። በጠቅላላው አራት። ከነጓንቷ ወንበሯን ሦስት ጊዜ ዞረችውና ሀኪሙ ቢሮ ገባች።

«ዶክተር፣ እባክዎ ይምጡ፣ እየጨፈረ ነው።»

«ማን?»

«ትሉ።»

ሀኪሙ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ደግሞ አየ።

«ይሄ እያለ ልቀደው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ኪኒን እንስጠውና ሁለት ሳምንት እንጠብቅ። ያኔ እብጠቱ ካልጎደለ እናወጣዋለን።»

እግሯ መሬት ሳይነካ ወንድሟ ጋ ተመለሰች።

«የዛሬው ቀዶ ጥገና ቀርቷል። ትል ነው፤ አራቱን በዓይኔ አየኋቸው።»

ሾፌሩ ሆዱን ዳሰሰ። «ከትናንት ጀምሮ ምግብ ተከልክያለሁ። አምስት ሆነን ነዋ የተራብነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በአስራ አምስተኛው ቀን ሲታይ እብጠቱ ሟሽሾ ጠፍቷል። እሷም ውጤቱን ይዛ፣ ዕድሜዋን ረስታ፣ ኮሪደሩን እየዘለለች አቋረጠችው።