በጸሎቱ ጸ

የምሠራው ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ አንድ የውኃ መሥሪያ ቤት ነው። የደንበኞች መረጃ ከተከማቸበት ዳታቤዝ የተጠየቅሁትን አውጥቼ እሰጣለሁ። አንድ ጠዋት አለቃዬ አዲስ መስመር ሊዘረጋ ነውና የፀዳ ሰፈርን ደንበኞች አውጣልኝ አለኝ። አወጣሁለት። ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

"ያ ሁሉ ቤት ባለበት ይቺ ብቻ? እኔስ የት ገባሁ?"

እውነቱን ነው፤ ቤቱ ፀዳ ነው። የጻፍኩትን ትእዛዝ ደግሜ አየሁት፤ ስሕተት አጣሁበት። ሰንጠረዦቹን ያገናኘሁበትንም ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ግራ ቢገባኝ የሰፈሩን ስም ትቼ በአለቃዬ ስም ብቻ ፈለግኩ። ወጣ። አድራሻው "ጸዳ" ይላል፤ እኔ የፈለግኩት በ"ፀ" ነበር። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ፊደላት።

ማን እንደጻፈው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ፊት ለፊቴ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ናት። የመሪጌታ ልጅ ስለሆነች ፊደል ሲዛባ ማለፍ አይሆንላትም።

"በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፈው" ትለኝ ነበር።

"የሰፈሩ ታፔላ እኮ በፀሐዩ ፀ ነው" ስላት፣ "ታፔላውን ማን ቅኔ ቤት አስገባው?" ብላ አፏን በእጇ ከልላ ትስቃለች። እንድታርመኝ ብዬ አውቄ የምሳሳትበት ቀን ብዙ ነበር። እናቷ ሲታመሙባት እሳቸው ወዳሉበት ዛሪማ ተዛውራ ሄደች።

ሁለቱንም ፊደል አስገብቼ ስፈልግ ሰፈሩ ሞልቶ ወጣ። አለቃዬም ራሱን አገኘ። "ሸጋ! በል ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል አምጣው" ብሎኝ ሄደ።

ምሳ ሰዓት ላይ ደወልኩላት።

"ጸዳን በየትኛው ላድርገው?" አልኳት፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

ሳቀች። "ምነው፣ ዛሬም አልገባህም?"

"እናትሽ እንዴት ናቸው?"

"ተሽሏታል። ጥያት ግን አልመጣም፤ እዚሁ ልቀር ነው።"

ናፍቀሽኛል ልላት አሰብኩ። አፌ ግን "መንገዱ እንዴት ነው?" አለ።

"ማኪናማ ሞልቷል፣ ለሚመጣ ሰው" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በጸሎቱ ጸ አደረግኩት። አለቃዬ ልብም አላለው።

ዛሪማ እስካሁን አልሄድኩም። ጠዋት በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ የዚያ መስመር ረዳት ተሳፋሪ ሲጣራ እሰማለሁ። አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆሜ አየውና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።