ለአጎቴ የተላከው ነጭ አበባ

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በውጭ አገር፣ ግሌንዴል በምትባል ከተማ በነበረው አፓርታማችን ከእኛ በር ቀጥሎ ጋሼ ደምሴ ይኖሩ ነበር። ኮሜርስ ሲቲ በምትባል ጎረቤት ከተማ ካለ መጋዘን አበባ እየጫኑ በየቤቱና በየሆስፒታሉ የሚያደርሱ ሹፌር ነበሩ። አመሻሽ ላይ በረንዳቸው ላይ በትንሽዬ የከሰል ምድጃ በቆሎ ሲጠብሱ፣ እኛ የጎረቤት ልጆች በጭሱ ዓይናችን እያነባ እንከባቸዋለን፤ እሳቸውም ፍሙን እያራገቡ ያን ቀን ያደረሱትን አበባ ሁሉ ተረት ያደርጉታል። ያኔ እኔ የሚሉትን ሁሉ እንደ ወንጌል ነበር የማምነው።

አንድ ምሽት ሊሊ የሚባለውን የነጭ አበባ ተረት ነገሩን። አበቦች ፈጣሪ ፊት ቀርበው መልእክት ሲከፋፈሉ ቀዩ ጽጌረዳ ፍቅርን፣ ቢጫው ደስታን ወሰደ፤ ሊሊ ግን ዘግይታ ደርሳ ምንም አላገኘችም። ስታለቅስ ጊዜ ፈጣሪ፣ «አንቺ ደግሞ ቃል ላጠራቸው ሰዎች ተናገሪላቸው» አላት። «ከዚያስ?» ስንል በቆሎው አረረ፣ እናቴም ለእራት ጠራችኝ፣ ተረቱም እዚያው ቀረ።

ቃል ያጠረው ሰው ደግሞ እኛ ቤት ነበር። አባቴና ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ከበደ፣ የአያቴን ተዝካር ማን ያውጣ በሚል ተጣልተው ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። በዚያው ሳምንት አጎቴ አውሮራ ከተማ ሆስፒታል ገብቶ ልቡን ኦፕሬሽን ተደረገ። አባቴ ሄዶ መጠየቁ ዳገት ሆነበት፤ እናቴ ስትጨቀጭቀው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «በይ አበባ ኦርደር አድርጊለት፤ አንቺው ምረጪ» አለኝ። እኔ ምን ቸገረኝ! ትልቅ ነጭ ሊሊ መረጥኩ፤ ካርዱ ላይ የአባቴን ስም ብቻ ጻፍኩ።

አበባው በደረሰ ዕለት ለጋሼ ደምሴ በኩራት ነገርኳቸው። ማራገቢያው ከእጃቸው ወደቀ።

«ወይኔ ልጄ! ቃል ያጠራቸው ያልኩሽ እኮ ሐዘንተኞችን ነው! እኔ ይሄን አበባ ዘወትር የማደርሰው ለቀብር ነው!»

አጎቴ ወንድሙ ሞቱን የተመኘ ሊመስለው ነው፤ እርቁ ቀርቶ ጭራሽ ደመኛ ሊሆኑ ነው፤ ያውም በእኔ! ሮጬ ቤት ገብቼ ለአባቴ እያለቀስኩ ተናዘዝኩ። ፊቱ አመድ መሰለ። ያኔውኑ ስልኩ ጠራ፤ አጎቴ ነበር። አባቴ ስፒከር ላይ አደረገው።

«አንተ!» አለ አጎቴ በደከመ ድምፅ፤ «ገና ሳልሞት ለቅሶ ደረስክልኝ?»

ወዲያው አጎቴ ሲስቅ ሰማን። «ኧረ ስፌቴ ሊተረተር ነው፣ አታስቀኝ!» ይላል፤ ያሳቀው ሰው ግን የለም። አባቴም ሳቀ፤ ሲስቅ ሲስቅ ማልቀስ ጀመረ።

«ልጅቷ ናት የመረጠችው፤ እኔ አይደለሁም» አለ እንባውን እየጠረገ።

«ማንም ይምረጠው! በል ና። ለቅሶ የደረሰ ሰው መጥቶ ይቀመጣል እንጂ አበባ ልኮ ይቀራል እንዴ?»

አባቴ የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሳያስር ወጣ። እኔ ሶፋው ላይ ተዘርሬ እፎይ አልኩ፤ እንደዚያ ያለ እፎይታ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ሁለቱ ወንድማማቾች እስከ ዛሬ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይጠያየቁ አያሳልፉም።

ከተረቶቹ አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል፤ የቱ አበባ ምን ይላል ብትሉኝ አሁንም ያምታታኛል። ለሰው አበባ መላክ ሲኖርብኝ ባለሱቁን ደጋግሜ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ግን አበባውን ራሴ ይዤ፣ መኪናዬን አስነስቼ እሄዳለሁ።