ለማያውቁት ቀብር መቆም

አባቴ ከዲክሲስ ገብስ እያመጡ አሰላ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ዘጋቢ ፊልም ነፍሳቸው ነው። የሩቅ አገር ዓሣ አጥማጅም ይሁን ጦርነት የሸሸ ስደተኛ፣ እኔ እንግሊዝኛውን በኦሮምኛ እየነገርኳቸው አብረን እናያለን። ችግሩ ፊልሙ ላይ ቀብር ሲመጣ ነው። እኛ ዘንድ አስከሬን ሲያልፍ የተቀመጠ ሰው ይነሳል። አባቴም ከሶፋው ብድግ ብለው፣ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ለቀስተኛው እስኪያልፍ ቴሌቪዥኑን ጋርደው ይቆማሉ።

«ኧረ አባባ ይቀመጡ፣ ፊልም እኮ ነው!» እላለሁ ተናድጄ።

«ሟቹም ፊልም ነው?» ይሉኛል ዞር እንኳ ሳይሉ።

አምና እሳቸውን ተሸክመን በዋናው መንገድ ስናልፍ ባጃጆች ቆሙ፤ ሹፌሮቹም ወረዱ። ጫማ የሚያስጠርግ አንድ ሰውዬ የአንድ እግሩ ጫማ ብቻ እንደተቀባ ተነሳ። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም። አላህ ይስጣቸው፣ ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም የቀለለኝ ያኔ ነው።

አሁን ፊልም ላይ ቀብር ሲመጣ የምነሳው እኔ ነኝ። ልጆቼ «አባዬ፣ ጋረድከን እኮ!» እያሉ ይጮሃሉ። ይጩሁ። አስከሬኑ ሳያልፍ አልቀመጥም።