የዳማ የደም ውጤት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ንስሐ ተቀብያለሁ፣ ቆርቤያለሁም፤ ይህንን ግን ከምላሴ ሥር አስቀርቼ ነው የቆረብኩት። እናንተ አታውቁኝም። ድፍረቱ የመጣልኝ ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ባሌ ኤርሚያስ ጆሐንስበርግ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። የአዲስ አበባው ዲግሪዬ እዚህ አገር እስኪታወቅልኝ ድረስ ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ሥር ሆኜ ክኒን ስቆጥር ኖሬ፣ የዓለም ዋንጫው እዚህ በተደረገ በዓመቱ ፈቃዴን አገኘሁ። ስሜ የተጻፈበትን ነጭ ጋውን ከለበስኩ አራት ወር ሳይሞላኝ ኤርሚያስ ቤልጂየም ሥራ አገኘ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፤ አቅፌም ሳምኩት። ውስጤ ግን እንደገና ቋንቋ ተማሪ፣ እንደገና ተፈታኝ፣ እንደገና የሰው እጅ ጠባቂ ልሆን ነው እያለ ያለቅስ ነበር። አልፈልግም ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ስድስቱን ዓመት ሲያስጠናኝ፣ እኔ ሳነብ ልጅ ሲያስተኛልኝ የኖረ ሰው ነው። ብነግረው ይሰማኝ ነበር። አልነገርኩትም።

ልጃችን ሊዲያ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ዳማ የሚባል ውሻና አንዲት ግራጫ ድመት ነበሯት። እነሱን ጥላ እንደማትሄድ አስቀድማ ተናገረች፤ አባቷም ይዘናቸው እንሄዳለን ብሎ ቃል ገባላት። እንስሳን ወደዚያ አገር ለማስገባት ነገሩ ረጅም ነው። ከቆዳቸው ሥር መለያ ቁጥራቸውን የያዘ ቺፕ ይቀበራል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተባሉ፤ ከወር በኋላ ደማቸው ተቀድቶ ክትባቱ መያዝ አለመያዙ ይመረመራል። ደሙ ካለፈ፣ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። ከወደቀ ክትባቱም ደሙም ጥበቃውም እንደገና ይጀመራል። ኤርሚያስ እንስሳቱ ይልመዷቸው ብሎ የጉዞ ሣጥኖቹን ሳሎን ውስጥ አስቀመጣቸው። ዳማ ወዲያው ገብቶ ይተኛበት ጀመር። ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው በዚያ የሽቦ በር ላይ ነበር፤ ለእኔ የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

ውጤቱን ከእንስሳት ክሊኒኩ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ የሞላነው የእኔን ስልክ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ሁለት ወረቀት ሰጠችኝና ሁለቱም አልፈዋል አለችኝ፣ እየሳቀች። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። የድመቷን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የዳማን ቀዳድጄ፣ ሥራ ቦታ ጊዜው ካለፈበት መድኃኒት ጋር ወደሚቃጠለው ቆሻሻ ጨመርኩት።  ይህን መናገር አለብኝ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የቀኑን ሥራዬን ሠርቼ ጨረስኩ።

እራት ላይ፣ ዳማ ወድቋል አልኳቸው። ሊዲያ ሹካዋን አስቀምጣ አባቷን አየችው። ኤርሚያስ፣ "ቃል ገብቼላታለሁ፤ እንጠብቃለን" አለ።

ቀጣሪዎቹን ለምኖ እስከሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት አራዘሙለት። እኔ ደግሞ እስከዚያ ነገሩ ይቀዘቅዛል፣ ይሰለቻቸውና ይተዉታል ብዬ አስቤ ነበር። ለማስመሰል ዳማን እንደገና ላስከትበው ነው ብዬ ይዤው ወጣሁ። ጥፍሩን አስቆርጬ መለስኩት። ሊዲያ መርፌው የት ጋ እንደወጋው ጠየቀችኝ። አንገቱ ላይ አሳየኋት። እዚያው ላይ ሳመችው።

ቤቱን እንደምንለቅ ለአከራዩ አስቀድመን ነግረነው ስለነበር አዲስ ተከራዮች መጡ። ግቢ ያለውን ቤት ለቀን፣ ለጥቂት ወራት ነው ብለን ዮቪል በሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየን። ዳማ የሚሮጥበት ግቢ ስላልነበረው ኤርሚያስ ከሥራ ሲመለስ በማሰሪያው ይዞት ይወጣ ጀመር። ሰፈሩን የሚያውቁት ያገራችን ልጆች፣ ሲመሻሽ ብቻህን ስልክ ይዘህ አትሂድ ብለው አስጠንቅቀውታል። እኔም ሰምቻለሁ። መስኮቱ ጋ ቆሜ እስኪመለስ አየው ነበር። ልቤ አንድ ነገር ይለኝ ነበር። ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ደረጃውን ሲወጣ ኮቴውን ስሰማ፣ ነገ ይደርሳል እላለሁ። ስንት ምሽት እንዲህ አልኩ?

አንድ ማክሰኞ ዳማ ብቻውን መጣ። በሩን የከፈተችለት ሊዲያ ናት። ማሰሪያው ከኋላው ይጎተት ነበር።

"አባዬስ?" አለችው፣ ውሻውን።

ደረጃውን በባዶ እግሬ ወረድኩ። ከፎቁ ሥር አትክልት የምትሸጠው ሴት የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆማ በሁለት እጇ ትጠራኝ ነበር። ኤርሚያስ ስልኩን ለዘራፊዎቹ ሳያንገራግር ሰጥቷቸው ነበር፤ ውሻው ሲዘልባቸው ደንግጠው እሱን በጩቤ ወጉት ብላ ኋላ ነገረችኝ። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ለቅሶ ደራሹ ባለቀ ማግሥት ሊዲያ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ እኔ ያለ ዳማ አልሄድም ባልል ኖሮ አባዬ አሁን ቤልጂየም ነበር፣ አይደል?"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ከሁሉም ያን ጊዜ። ወረቀቱን የቀደድኩ ቀን ምን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር፤ ሊዲያ ይህን የጠየቀችኝ ቀን ግን የማደርገውን አውቅ ነበር። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ልጄ፣ አልኳት። በእሱ ስም ተሸሸግሁ። እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ ጥፋቱንም ይዛ ከክፍሌ ወጣች።

ሳምንት ሳይሞላ ዳማን ከዓይኔ አርቂልኝ ብላ ለመነችኝ። ከከተማው ዳር፣ ዲፕስሉት የሚባል ሰፈር ሱቅ ላለው ያገራችን ሰው ሱቁን እንዲጠብቅለት ሰጠሁት። መኪናው ሲነሳ ወጥታ አላየችውም።

ቤልጂየም ቀረ። ፈቃዴም ሥራዬም እጄ ላይ ናቸው፤ የፈለግሁትን አገኘሁ ማለት ነው። ሊዲያ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። መንገድ ላይ ውሻ ስታይ ተሻግራ በማዶ ታልፋለች። በየዓመቱ በአባቷ ሙት ዓመት ቤተ ክርስቲያን አብረን እንቆማለን። ስትጸልይ ከንፈሯን አያለሁ፤ ይቅር በለኝ ነው የምትለው። እኔ አጠገቧ ጧፍ ይዤ እቆማለሁ። እንዴት ያለች እናት ናት ይህን እያየች የምትቆም?

ፈርቼ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ልላችሁ እችላለሁ። አልልም። ይህን ጽሑፍ ከእናንተ በፊት የምታነበው እሷ ናት፤ በእጇ እሰጣታለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍላትም፤ ያ ደግሞ ሌላ ሸክም ይሆንባታል። ይህችን ብቻ ታንብብልኝ።

ሊዲያ፣ ዳማ አልፎ ነበር። መሄድ ያልፈለግሁት እኔ ነኝ።