በበጋ የማይታይ ፈሰስ

እኔ የቢቸና ገበሬ ልጅ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለኩራት አይደለም። የሠራሁትን ስህተት ከከተማ የመጣ ሰው ቢሠራው ይቅር እለው ነበር፤ ለራሴ ግን እስካሁን አልቻልኩም።

ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ከርሜ አንድ ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጥናቱ ሞጣ አጠገብ ሊቋቋም ስለታሰበ የእህል ማቀነባበሪያና ወደዚያ ስለሚወስደው መንገድ ነበር። መሬቱን መንግሥት ይሰጣል፣ መንገዱን ማቀነባበሪያውን የሚተክለው ኩባንያ ያሠራል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ምን ስጋት እንዳለ፣ ገበሬውም መሬቱን ሳይጎዳ እንዴት እንደሚያርስ እኛ ጠይቀን እንሞላለን። ስጋት የሚለው ቃል በመጠይቁ በየገጹ ነበር፤ የውል መፍረስ ስጋት፣ የመዘግየት ስጋት፣ የገበያ ስጋት። ገበሬውን አንተስ ምን ትፈራለህ የሚል ግን አንድም ጥያቄ አልነበረም። ያኔ ይህን ልብ አላልኩም። ታብሌት ይዤ በሰው ማሳ ስመላለስ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

መንገዱ ከሚያልፍባቸው ማሳዎች አንዱ የአጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጥቁር ዋልካ መሬት ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ይዞ አልለቅም ይላል። ስለዚህ የእኛ አገር ገበሬ ጤፉን እንደዘራ በበሬ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰስ ማሳውን በሰያፍ አቋርጦ ውሃውን የሚያወርድ ቦይ ነው። የላይኛው ሰው ውሃ በታችኛው ሰው ማሳ አልፎ ወንዝ ስለሚገባ፣ ጎረቤታሞቹ እርሻው ላይ ቆመው በየት በየት እንደሚወርድ ይስማማሉ። እህሉ ከተነሳ በኋላ ከብት ይረግጠዋል፣ ማረሻ ያጠፋዋል፣ በዓመቱ እንደገና ይወጣል። ከአባቴ በሬዎች ኋላ ጓል እየከሰከስኩ ያደግኩ ሰው ነኝና ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም ነበር።

የሄድነው በመጋቢት ነው። አጎቴ ማሳው ጫፍ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን እየዘረጉ ውሃው ከየት ተነስቶ በየት እንደሚወጣ አሳዩኝ። እኔ የማየው የተሰነጣጠቀ መሬትና ከብት የጋጠው ገለባ ብቻ ነው። መጠይቁ በማሳው የሚያልፍ የውሃ መውረጃ አለ ወይ ይላል። አለ ካልኩ ፎቶ ይጠይቃል፤ ፎቶ ካላስገባሁ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፈኝም። ለአስተባባሪያችን ደወልኩለት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሶበት ተጨንቋል። ዓይንሽ ያየውን ብቻ ሙዪ አለኝ። የለም የሚለውን ነካሁ፤ ገጹም ወዲያው አለፈልኝ።

አጎቴ ምን እንደሞላሁ አልጠየቁኝም። ስሰናበታቸው ብቻ፣ “በሐምሌ ነይ፤ ያኔ ታይዋለሽ” አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ሐምሌ ሳይደርስ ጥናቱ ተጠናቆ እንደሚገባ እያወቅሁ ነው እሺ ያልኩት።

ሪፖርቱ ሞጣ ላይ በአዳራሽ ሲቀርብ እኔም ተጋብዤ ነበር። በመስመሩ ላይ የውሃ መውረጃ ስለሌለ የጎርፍ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ተነበበ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። መንገዱ በሚቀጥለው በጋ ተሠራ፤ ከፍ ተደርጎ በጠጠር ተሞላ፣ በአጎቴ ማሳ ግርጌ ግን አንድም የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ አልተቀበረለትም።

በሐምሌ መጨረሻ አጎቴ ደወሉልኝ። ወረዳ ሄደው አቤት ቢሉ፣ ጥናቱ እዚያ ቦታ ውሃ አያልፍም ይላል ብለው መልሰዋቸዋል። የተማርሽ ነሽና መጥተሽ አቤቱታ ጻፊልኝ አሉኝ። ከቢቸና በሚኒባስ ተነሳሁ። ጉንደ ወይን ላይ ጭቃ ይዞን ረጅም ሰዓት ስንቆም፣ ደስ ነበር ያለኝ። ባልደርስ እመርጥ ነበር።

ማሳው ኩሬ ሆኗል። ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ የዓመት ቀለባቸው ነው። የላይኛው ጎረቤታቸው ደግሞ ውሃዬን መልሰህ ለቀቅህብኝ ብሎ ተቀይሟቸዋል። ሃያ ክረምት አብረው ፈሰስ ያወጡ ሰዎች ናቸው፤ አሁን በመንገድ ሲገናኙ ሰላም አይባባሉም። አጎቴ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸውን ወደ ጎረቤታቸው ማሳ አዞሩ። ከጤፉ ይልቅ ይኸኛው እንደጎዳቸው ገባኝ።

ደጃቸው ላይ ተቀምጠን መጻፍ ጀመርኩ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ይህን ማሳ ሳያይ ውሃ የለም ብሎ የጻፈው ሰው ይጠየቅልኝ በይ አሉኝ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ወረዳ ያለው ወረቀት ላይ ስሜ የለም፤ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

“ጋሼ፣ አይቼዋለሁ” አልኳቸው። “የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጠይቁ ፎቶ ይል ነበር፤ በበጋ ደግሞ የሚነሳ ነገር አልነበረም።”

 ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ደስ ባለኝ። ቀስ ብለው ተነሱና ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ወደ ማሳው ወረዱ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳቸው። ውሃው እስከ ቅልጥማችን ደረሰ። መሐል ላይ ቆመው ያን ጊዜ እንዳደረጉት እጃቸውን ዘረጉ፤ ያወጡት ፈሰስ መንገዱ ሥር ሲደርስ የቆመበትን ጠቆሙኝ።

“በሐምሌ ነይ ብዬሽ ነበር” አሉኝ። “ይኸው መጣሽ። በይ ፎቶውን አንሺ።”